ጭላዳን፣ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን በሳይንስ መዝገብ ያሰፈረው ሰው

ላሊበላ የገባ እንግዳ ዓይኑን ወደ ታች ጥሎ ነው የሚውለው። ፍልፍሎቹ አብያተ ክርስቲያናት ከመሬት በታች ስለሆኑ ሌላ ምርጫ የለውም። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ዙሪያውን ካየ ግን ሌላ ዓለም ያገኛል። በአለቱ ግድግዳ ጎድጓዳ ውስጥ አንገታቸው ላይ ነጭ ቀለበት ያለባቸው እርግቦች ተደርድረዋል። ማጅራቱ ነጭ፣ አፉ እንደ መጥረቢያ የወፈረ ትልቅ ቁራ ጣራ ለጣራ ይዘላል። ከሁሉም በላይ ጥንብ አንሳው ክንፉን ሳያንቀሳቅስ ይዞራል።

የላስታ ሰው እነዚህን ከጥንት ጀምሮ ያውቃቸዋል። በሳይንስ መዝገብ ላይ ግን እርግቧንም ቁራውንም ስም ሰጥቶ ያሰፈራቸው አንድ ጀርመናዊ ነው፤ ጥንብ አንሳውም በዚሁ ሰው ስም ይጠራል። እንግዳው ከከተማው ወጥቶ፣ በበቅሎም ሆነ በእግሩ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ቢያቀና ያው ስም ይከተለዋል። በገደሉ አፋፍ ሣር እየነጨ የሚውለው ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ጓሳውን እየሰነጠቀ አይጥ የሚያድነው ቀይ ቀበሮ ሳይንሳዊ ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ሰው ነው። ኤድዋርድ ሩፔል ይባላል።

ሳፋሪ ሲባል አብዛኞቻችን ፊት ላይ ድቅን የሚለው ሴሬንጌቲና ማሳይ ማራ ነው። አንበሳ፣ ዝሆን፣ ጎሽ፣ ነብርና አውራሪስ፤ እነዚህ “አምስቱ ታላላቆች” የተባሉት ለመታየት ሲያምሩ ሳይሆን፣ በእግር ለሚያድናቸው አዳኝ አስቸጋሪና አደገኛ ስለነበሩ ነው። ቃሉም ከኬንያና ከታንዛኒያ ሜዳ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። የደጋችን ሳፋሪ ሌላ ነው። ከፍታው 4,260 ሜትር በሚደርሰው አቡነ ዮሴፍ ላይ ዝሆን የሚፈልግ የለም። እዚያ የሚፈለጉት በየትኛውም የዓለም ክፍል የማይገኙ፣ ከኢትዮጵያ ተራሮች ወርደው የማያውቁ እንስሳት ናቸው። እነሱን ፈልጎ ይህን አገር ካቋረጡ የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ሩፔል ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር።

ሩፔል በፍራንክፈርት ከተማ እ.ኤ.አ. ኅዳር 20 ቀን 1794 ተወለደ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ባለጸጋ ባለባንክ ነበርና ልጁም ነጋዴ እንዲሆን ታስቦለት ነበር። ጤናው ግን ደካማ ነበር። በዚያን ጊዜ ሀብታም ቤተሰብ ለታመመ ልጅ የሚያደርገውን አደረጉለት፤ ወደ ሞቃት አገር ላኩት። በ1817 ግብጽ ደረሰ። በካይሮ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሁለት ጊዜ ወደ ትግራይ ዘልቆ የተመለሰው ሄንሪ ሶልት ነበር፤ በዚያ ዘመን ስለ ሐበሻ ምድር ማወቅ ለፈለገ አውሮፓዊ ከካይሮ የተሻለ ቦታ አልነበረም።

ነጋዴው ልጅ ሲመለስ ነጋዴ አልነበረም። ጣሊያን ገብቶ በፓቪያና በጄኖዋ የእጽዋትና የእንስሳት ትምህርት ተማረ። በ1817 በትውልድ ከተማው ተቋቁሞ ከነበረው የሴንከንበርግ የተፈጥሮ ጥናት ማኅበር ጋርም ተቆራኘ። ማኅበሩ ገና ጀማሪ ነበር፤ የሚያሳየው ነገር ጥቂት ነው። ሩፔል ገንዘብ አለው፣ ጊዜ አለው፣ ወንድ ነኝ የሚል ልብም አለው። እንዲህ ያለ ሰው ለጀማሪ ሙዚየም ትልቅ ሲሳይ ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ጉዞ ከ1822 እስከ 1827 ቆየ። ሲና በረሃን፣ የአቃባን ባሕረ ሰላጤ፣ ኑቢያንና ኮርዶፋንን አዳረሰ። ሚካኤል ሄይ የሚባል የቀዶ ጥገና ሐኪም አብሮት ነበር። እዚህ ላይ ነው ሩፔል ከሳፋሪው ትላልቅ አራዊት ጋር የተገናኘው። በዶንጎላ አካባቢ በዓባይ ወንዝ ላይ ከአንድ ግዙፍ ጉማሬ ጋር ያደረገው የሌሊት ግብግብ በጀልባና በጦር ለሰዓታት የቆየ ስለነበር፣ ከእሱ በኋላ የመጡ የእንስሳት መጻሕፍት ደጋግመው ጽፈውታል። ከዚህ ጉዞ የተሰበሰቡትን እንስሳት ክሬችማር የተባለ የማኅበሩ ሐኪም በሥዕል አስደግፎ በመጽሐፍ አወጣቸው።

ዛሬ ሳፋሪ የሚሄድ ሰው በካሜራ ያነሳል፤ ካሜራ ባይኖረው በዓይኑ ይጠግባል። በሩፔል ጊዜ ማየት ማለት መግደል ነበር። እንስሳው ተተኩሶ ካልወደቀ፣ ቆዳው ተገፎ በመርዝ ካልታሸ፣ የራስ ቅሉ ተቀቅሎ በሳጥን ካልተላከ በቀር ፍራንክፈርት ላይ ያለው ምሁር አላምንም ይላል። ይህን ዛሬ ላይ ቆሞ ማውገዝ ቀላል ነው። እኔም ስለ ጉማሬው ሳነብ ደስ አላለኝም። ነገር ግን ጥቂት ናሙና ወስዶ ስለ እንስሳው ብዙ የጻፈ ሰውና ቀንድ ለመቁጠር የተኮሰ ሰው አንድ አይደሉም።

ወደ እኛ አገር የመጣው በሁለተኛው ጉዞው ነው። በ1831 ምጽዋ ሲደርስ ቴዎዶር ኤርክል የተባለ የሃያ ዓመት ወጣት ረዳት ይዞ ነበር። የኤርክል ሥራ ቆዳ መግፈፍና ማዘጋጀት ነው። ወደ ደጋው ለመውጣት ግን ጊዜው የሚያመች አልነበረም። ዘመነ መሳፍንት ነው። በዚያው ዓመት የካቲት ወር በደብረ ዓባይ በተደረገው ጦርነት የየጁው ራስ ማርዬ ወደቁ፣ ድል የተነሱት የትግራዩ ደጃዝማች ሰባጋድስም ተገደሉ፤ አገሩ ባለቤት አጥቶ ይታመስ ነበር። ሩፔል በባሕሩ ዳር ለወራት ቆየ። ያንን ጊዜ አላባከነውም፤ ዳህላክን ጎበኘ፣ የቀይ ባሕርን ዓሦች እየሰበሰበ መዘገበ። በ1832 የጸደይ ወራት ነጋዴዎች ሲንቀሳቀሱ አብሮ ወደ ላይ ወጣ።

ከትግራይ ወደ ስሜን ሲያቀና ተከዜን ተሻገረ። ተከዜ ደግሞ የሚነሳው ከላስታ ተራሮች ነው። ሩፔል ወንዙን እየተከተለ ወደ ላይ ቢወጣ ኖሮ ላሊበላ አካባቢ ይደርስ ነበር፤ እሱ ግን ተሻግሮ ወደ ስሜን ወጣ። በመሆኑም ላስታን ሳያይ ነው የላስታን እንስሳት ስም ያወጣላቸው። ሁለቱ ተራሮች አንድ ዓይነት ብርድ፣ አንድ ዓይነት ጓሳና ጅብራ ያለባቸው በመሆናቸው ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም በሁለቱም ዘንድ ይኖራሉና።

የስሜን ጌታ ያን ጊዜ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ። ሩፔል በ1832 ክረምት የቆየው በተራራው ላይ በምትገኘው የውቤ መቀመጫ በእንጨትቃብ ነው። ክረምቱን የተራራ ጭጋግ ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ዝናብና በረዶ ይፈራረቃሉ፣ ጭጋጉ ሲወርድ ከአሥር እርምጃ በላይ አይታይም። ጭጋጉ ገለል ሲል ደግሞ ገደሉ ከእግር ሥር ይከፈታል፤ ከገደሉ ወገብ ላይ ቀንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ ፍየል መሳይ እንስሳ ቆሞ ይታያል። ዋልያ ነው።

የአውሮፓ ምሁራን ዋልያን አያውቁትም ነበር። የአገሩ ሰው ግን አሳምሮ ያውቀዋል፤ ሥጋውን ይበላል፣ ከቀንዱም መጠጫ ይሠራል። እንስሳው የሚውልበትን ገደል የሚያውቁት፣ ስሙንም የሚጠሩት የስሜን ሰዎች ናቸው። ሩፔልም ስሙን ከአፋቸው የሰማውን ያህል ጻፈው። በ1835 እንስሳውን በሳይንሳዊ ስሙ ሲመዘግበው ካፕራ ዋሊዬ አለው። በሳይንስ ሕግ መጀመሪያ የታተመ ስም አይሻርምና ይኸው እስከ ዛሬ በቶኪዮም ሆነ በለንደን ስለዚህ እንስሳ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ሳያውቀው አንድ የአማርኛ ቃል ይጽፋል።

በዚህ ረገድ ሩፔል ምስጋና ይገባዋል። ከእሱ በፊትም ከእሱ በኋላም የመጡ ብዙዎች ያገኙትን እንስሳ በንጉሣቸው፣ በጓደኛቸው ወይም ገንዘብ በሰጣቸው ሰው ስም ነው የሚጠሩት። እሱም ከዚህ ፈጽሞ ነጻ አልነበረም። ነገር ግን ትላልቆቹን እንስሳት በአገሩ ስም ነው የተዋቸው። ጭላዳ በጀርመን ጆሮ ተሰምቶ “ገላዳ” ሆነ። ጉሬዛ “ጉሬዛ” ሆኖ ቀረ። ድኩላም “ደኩላ” ተብሎ፣ ድፋርሳም “ደፋሳ” ተብሎ ገባ። እነዚህ ሁሉ የተመዘገቡት በዚያው በ1835 ነው። ስማቸውን የነገሩት ባላገሮች ግን የራሳቸው ስም የትም አልገባም። ቆዳ ገፋፊው ወጣት ኤርክል እንኳ አንድ ትልቅ ቆቅ በስሙ ተሰይሞለታል፤ ላሊበላ ዙሪያ ባሉ ቁጥቋጦዎች ጠዋት ጠዋት የሚጮኸው ቆቅ ነው። ገደሉን ያሳየው የስሜን ሰው ቆቅም አልደረሰውም።

ቀይ ቀበሮ ላይ ግን ሩፔል ልማዱን ተወ፤ በቦታው ስም ካኒስ ሲመንሲስ፣ የስሜን ውሻ እንደ ማለት፣ አለው። የስሙ ዓመት 1840 ነው። ይህ ስም ትንሽ የማይመስል ግን ትልቅ ነገር ይዟል። እንስሳውን የውሻና የተኩላ ወገን ውስጥ መደበው። ከእሱ በኋላ የመጡት በዚህ አልተስማሙም። በ1868 ግሬይ የተባለው እንግሊዛዊ ከወገኖቹ ለይቶ ብቻውን አቆመው፤ ሌሎች ቀበሮ ነው አሉ፣ ሌሎችም ሌላ። ክርክሩ የተቋጨው በ1994 በዘር ቅንጣት ጥናት ነው። እንስሳው ከተኩላ ጋር የሚዛመድ ሆኖ ተገኘ፤ ስሜን ላይ በጭጋግ ውስጥ ያየው ጀርመናዊ ከ150 ዓመት በላይ ቀድሞ ትክክል ነበር ማለት ነው። ዛሬ በእንግሊዝኛ የኢትዮጵያ ተኩላ የሚባለው ለዚህ ነው። እኛ ቀይ ቀበሮ ማለታችንን አልተውንም፤ የምንተውም አይመስለኝም።

በ1832 መገባደጃ ሩፔል ጎንደር ገባ። በዚያ አንድ ዓመት ብቻ ሦስት ነገሥታት በጎንደር ዙፋን ተፈራርቀዋል፤ ሥልጣኑ ግን በየጁ ራሶች እጅ ነበር። ከተማዋ እንዲህ ብትወድቅም ሊቃውንቷ አልተበተኑም። ሩፔል ከእነሱ መካከል ከሊቅ አጥቁ ጋር ተወዳጀ። ሊቅ አጥቁ ዳኛና የታወቁ የመጻሕፍት ሰው ነበሩ። በእሳቸውም በኩል የነገሥታትን ታሪክ ጨምሮ የግዕዝ መጻሕፍትን አገኘና ወደ ፍራንክፈርት ወሰደ። ዛሬም እዚያው ናቸው። የእንስሳቱ ቆዳና የነገሥታቱ ታሪክ በአንድ ሰው ጓዝ፣ በአንድ መንገድ ከአገር መውጣታቸው ለእኔ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነገር ነው። ገዝቶ ነው የወሰደው፣ አልዘረፈም። ቢሆንም የጎንደርን ታሪክ ለማጥናት ፍራንክፈርት መሄድ ግድ የሚሆንበት ጊዜ መጣ።

ከጎንደር እየተነሳ ወደ ጣና ዳርና ወደ ምዕራቡ ቆላ ወረደ። ወፎችን በብዛት የሰበሰበው በነዚህ መንገዶች ሁሉ ነው። በ1833 ግንቦት ጎንደርን ለቆ በአክሱም በኩል ወደ ምጽዋ ተመለሰ፤ በ1834 አውሮፓ ገባ። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የጽሕፈት ዓመታት ናቸው። የኢትዮጵያን የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት የያዘው መጽሐፉ ከ1835 እስከ 1840፣ የጉዞው ታሪክ በሁለት ቅጽ ከ1838 እስከ 1840 ወጣ። በ1845 ደግሞ የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ወፎችን መዝገብ አወጣ። አገራችን ብቻዋን ያላት ሰማያዊ ክንፉ ዝይ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ነው በሳይንስ የታወቀው። የለንደኑ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበርም በ1839 የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው።

የቀረው ዕድሜው ያን ያህል አስደሳች አይደለም። ሩፔል ቁጡና ቃሉን የማያለዝብ ሰው ነበር። በገንዘቡና በጤናው ካበለጸገው ማኅበር ሰዎች ጋር ተጣላ። እየቆየ ከእንስሳት ጥናት ራቀና ፊቱን ወደ ጥንታዊ ሳንቲሞች አዞረ። ታኅሣሥ 10 ቀን 1884 በተወለደበት ከተማ በ90 ዓመቱ አረፈ። ወጣት ሳለ ጤናው ደካማ ነው ተብሎ ወደ ሞቃት አገር ተልኮ የነበረው ሰው ከአብዛኞቹ እኩዮቹ በላይ ኖሮ ነው የሞተው።

በስሙ የተጠራው ጥንብ አንሳ ስያሜውን ያገኘው በ1852 አልፍሬድ ብሬም ከተባለ ሌላ ጀርመናዊ ነው። ይህ ወፍ ከፍ ብሎ በመብረር አቻ አልተገኘለትም። በ1973 በአቢጃን ሰማይ ላይ ከ11 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል። ከ2015 ጀምሮ ግን ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መካከል ተመድቧል። የተመረዘ ሥጋ ከገዳዮቹ ዋነኛው ነው።

ሌሎቹስ? የስሜን ተራሮች በ1969 ብሔራዊ ፓርክ ሆኑ። በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገቡን ሲከፍት ከገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች ሁለቱ የእኛ ነበሩ፤ አንዱ ላሊበላ፣ ሌላው ስሜን። የአንዱ ቅርስ ድንጋይ ነው፣ የሌላው ገደልና ዋልያ። ድንጋዩን ለመጠበቅ ጣራ ተሠራለት። ዋልያው ግን በእርሻ፣ በከብትና በጥይት ተገፍቶ ስሜን በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ጎራ ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው።

ዋልያ ላስታ ላይ የለም። ላስታ ያላት ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ነው። ጭላዳው ብዙ ነው፤ ከአቡነ ዮሴፍ በተጨማሪ በመቄት አፋፍ ላይም በመንጋ ይታያል። ቀይ ቀበሮው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በመላው ኢትዮጵያ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፤ ከነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። የተቀሩት ስሜን፣ ሰሜንና ደቡብ ወሎ፣ መንዝ ጓሳና አርሲ ላይ ተበታትነው ይኖራሉ። የአቡነ ዮሴፎቹ ጥቂት ናቸው። ገብሱ በየዓመቱ ወደ ላይ ይገፋል፣ ከገብሱ ጋር ከብቱ ይወጣል፣ ከከብቱ ጋር ውሻው፣ ከውሻው ጋር የእብደት በሽታው። በዚህ ሁኔታ ጥቂት እንስሳት ብቻ ባሉበት ተራራ አንድ ክፉ ዓመት ይበቃል። ጎጃም ጮቄ ላይ፣ ደቡብ ጎንደር ጉና ላይ ቀይ ቀበሮ ነበር፤ አሁን የለም። ጉና ከላስታ ሩቅ አይደለም።

የአቡነ ዮሴፍ ባላገሮች በዙሪያው ያለውን ጓሳ በማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራነት መያዛቸው ብዙዎችን ያስደሰተ ነገር ነበር። እንግዳ ሲመጣ አስጎብኚው፣ ባለ በቅሎው፣ ቤቱን የሚያከራየው ሁሉ ተጠቃሚ ይሆናል። እንግዳው ግን በ2020 በወረርሽኙ ቀረ። በ2021 ጦርነቱ ላሊበላ ድረስ ዘለቀ፤ በ2023 ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሳ። በነዚህ ዓመታት ተራራው ላይ ስንት ቀይ ቀበሮ እንደተወለደና ስንት እንደሞተ ቆጣሪ ሊወጣ ያልቻለባቸው ወራት ብዙ ናቸው።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ወደ አቡነ ዮሴፍ የሚወጡ አስጎብኚዎች እንግዳቸውን ሌሊት ነው የሚቀሰቅሱት። ጭላዳው ጠዋት ከገደሉ ወጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ከሩቅ ያስታውቃል። ለቀይ ቀበሮው ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል። እሱም ለአደን የሚወጣው በቀን ነው፤ አይጡም ፍልፈሉም ከጉድጓዱ ብቅ የሚለው መሬቱ ሲሞቅ ስለሆነ ነው። ሩፔል ያንን አንድ ፍልፈል ሳይቀር በ1835 መዝግቦታል። ጓሳው ላይ ውርጭ ሲቀልጥ ቀያይ ጆሮዎች ብቅ ይላሉ፤ ቀበሮው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ከመሬት በታች ያለውን ድምፅ ያዳምጣል፣ ከዚያም ይዘላል። እንግዶች ካሜራቸውን የሚያነሱት ከዘለለ በኋላ ነው።